ቫይረስ በየትኛው በር ይገባል?
የሄርፒስ ቫይረስና የገጽ ፕሮቲኖቹ ጥናት አጭር ታሪክ

ማንኛውም ሕያው ሕዋስ በስስ የቅባት ሽፋን የታጠረ ነው። የሽፋኑ ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እጅ የማይበልጥ ቢሆንም፣ ተግባሩ ከከተማ ቅጥር አያንስም። የሚያስፈልገውን እየመረጠ ያስገባል፤ የማያስፈልገውን ያግዳል፤ ከጎረቤት ሕዋሳት የሚመጣውን መልእክት ይቀበላል። ይህን የመሰለ ጥበቃ እያለ፣ የራሱ ጉልበትና እንቅስቃሴ የሌለው ቫይረስ ቅጥሩን አልፎ እንዴት ሊገባ ቻለ? የሃያኛው መቶ ዓመት የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ብዙ ከደከሙባቸው ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መሐንዲስ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሆኖም የመጽሔታችን አዘጋጆች ከሙያችን አጥር ውጭ ያለን አንድ የሳይንስ ታሪክ በመሐንዲስ ዓይን እንድመለከት በጋበዙኝ ጊዜ የሄርፒስን ቫይረስ መምረጤ ያለ ምክንያት አልነበረም። የዚህ ቫይረስ የአገባብ ታሪክ በመሠረቱ የአንድ መሣሪያ ክፍሎች አንድ በአንድ ተፈትተው፣ የእያንዳንዳቸው ተግባር ተለይቶ የታወቀበት ታሪክ ነው። ጉዳዩም ከቤተ ሙከራ ግድግዳ አያልፍም የሚባል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 ባወጣው ግምት መሠረት ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ከሆኑ የዓለም ሰዎች 3.7 ቢሊዮን ያህሉ፣ ይኸውም ሁለት ሦስተኛው፣ አንደኛውን ዓይነት የሄርፒስ ቫይረስ ተሸክመው ይኖራሉ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልኝ።

በሽታው በስሙ ሲታወቅ

ሄርፒስ የሚለው ቃል ጥንታዊ ግሪክ ነው። ትርጉሙም መዳህ፣ በደረት እየተሳቡ መሄድ ማለት ሲሆን፣ የጥንት ሐኪሞች በቆዳ ላይ እየተሳበ የሚዛመተውን ቁስል ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩት ነበር። የእኛ ሕዝብም ለዚህ የቫይረስ ቤተሰብ ሥራዎች ከጥንት ጀምሮ ስም አውጥቶላቸዋል። ከንፈር ላይ ውሃ ቋጥሮ የሚወጣውን ቁስል «ምች መታው» ብሎ ዳማከሴ አሽቶ ይቀባለታል። በአንድ ወገን ጎን ወይም ፊት ላይ መስመር ይዞ የሚወጣውንና እንደ እሳት የሚለበልበውን ደግሞ «አልማዝ ባለ ጭራ» ይለዋል። ምች ከፀሐይና ከትኩሳት ጋር ይያያዛል የሚለው የአባቶችና የእናቶች አስተውሎት ከእውነት የራቀ አልነበረም። የፀሐይ ጨረርና ትኩሳት በሰውነት ውስጥ የተኛውን ቫይረስ እንደሚቀሰቅሱ ዘመናዊው ጥናት አረጋግጧል። አስተውሎቱ ያልደረሰበት ነገር ቢኖር፣ ፀሐይ ቀስቃሽ እንጂ አምጪ አለመሆኗን ነው።

አምጪው ምን እንደሆነ ቀስ በቀስ ታወቀ። በ1873 ፈረንሳዊው ሐኪም ኤሚል ቪዳል ቁስሉ ከሰው ወደ ሰው እንደሚተላለፍ አሳየ። በ1919 ደግሞ ሎቨንሽታይን የተባለው ተመራማሪ ከሰው ቁስል የተወሰደውን ፈሳሽ በጥንቸል የዓይን ብሌን ላይ በማሳረፍ በሽታውን እንደገና ለማስነሳት ቻለ። በ1930 አንድሩስና ካርማይክል የተባሉት እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ሌላ እንቆቅልሽ ይዘው ቀረቡ። ቁስሉ በየጊዜው የሚመላለስባቸው ሰዎች በደማቸው ውስጥ ቫይረሱን የሚያመክን ፀረ እንግዳ አካል አላቸው፤ ቁስሉ ግን ከመመላለስ አልተገታም። ጠባቂው በደጅ ቆሞ ሳለ ሌባው በቤት ውስጥ ይመላለሳል ማለት ነው። ይህን እንቆቅልሽ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለንና።

የመሣሪያው አሠራር

በ1960 ዋይልዲ፣ ራስልና ሆርን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተጠቅመው የሄርፒስን ቫይረስ አሠራር በዝርዝር ገለጹ። በመካከሉ ሃያ ገጽ ያለውና ከ162 ጡብ መሰል ክፍሎች የተገነባ ቅርፊት አለ። የዘር መልእክቱን የተሸከመው ዲ ኤን ኤ በዚህ ቅርፊት ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛል፤ ርዝመቱም 152,000 ያህል ጥንድ ፊደላት መሆኑ በኋላ ታውቋል። ቅርፊቱን አንድ የፕሮቲን ድልድል ይከበዋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቫይረሱ ካደገበት ሕዋስ የወሰደው የቅባት ካባ አለ። በዚህ ካባ ላይ እንደ እሾህ ተሰክተው የሚታዩት የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይ የሆኑት ግላይኮፕሮቲኖች፣ ማለትም ስኳር የለበሱ ፕሮቲኖች ናቸው። በ2003 በታተመ ጥናት ግሩነቫልድና ባልደረቦቹ በአንድ የቫይረስ ቅንጣት ላይ ከ600 እስከ 750 የሚደርሱ እሾሆች ቆጥረዋል።

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በርናርድ ሮይዝማንና ተማሪው የነበረችው ፓትሪሺያ ስፒር የቫይረሱን ፕሮቲኖች በኤሌክትሪክ ኃይል በጄል ውስጥ እያስኬዱ በክብደታቸው ለዩአቸው። በኋላም ለእሾሆቹ የላቲን ፊደላት እየተሰጧቸው ጂ-ቢ፣ ጂ-ሲ፣ ጂ-ዲ፣ ጂ-ኢ እየተባሉ ተጠሩ፤ ዝርዝሩም እያደገ ሄዶ ከአሥር በላይ ዓይነት ሆነ። ስም ማውጣት ግን ተግባርን ማወቅ አይደለም። የአንድ ሞተር ክፍሎች በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ቁጥር ቢለጠፍባቸው፣ የትኛው ነዳጅ እንደሚያስገባ፣ የትኛው እሳት እንደሚለኩስ ከቁጥሩ ሊታወቅ አይችልም።

መጣበቅ ሌላ፣ መግባት ሌላ

የመጀመሪያው ፍንጭ የመጣው ማንም ካልጠበቀው አቅጣጫ ነበር። በ1964 ናህሚያስና ኪብሪክ፣ ደም እንዳይረጋ ለማድረግ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሄፓሪን የተባለው መድኃኒት በቤተ ሙከራ ውስጥ የሄርፒስን ቫይረስ ሕዋስ ከመውረር እንደሚገታው አስታወቁ። ነገሩ እውነት ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልታወቀም። ደምን የሚያቀጥን መድኃኒት ከቫይረስ ጋር ምን አገናኘው?

በ1968 ሞርጋን፣ ሮዝና ሜድኒስ ቫይረሱ ሲገባ የሚያሳዩ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥዕሎችን አቀረቡ። በሥዕሎቹ ላይ የቫይረሱ ካባ ከሕዋሱ ሽፋን ጋር ተዋሕዶ አንድ ሲሆንና ቅርፊቱ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ይታያል። ሁለት የዘይት ጠብታዎች ውሃ ላይ ተገናኝተው አንድ እንደሚሆኑ ያለ ነው። ነገር ግን ሁለት ሽፋኖች እንዲሁ በዋዛ አይዋሐዱም። በመካከላቸው ያለውን ውሃ ለማስወጣትና ሁለቱን ለማቀራረብ ኃይል ያስፈልጋል። እንግዲህ ይህን ኃይል የሚያቀርብ ክፍል ከእሾሆቹ መካከል መኖር ነበረበት።

በ1987 ኦቬታ ፉለርና ፓትሪሺያ ስፒር ወሳኝ ልዩነት አመጡ። በገጽ ፕሮቲኖቹ ላይ የሚያነጣጥሩ አንዳንድ ፀረ እንግዳ አካላት ቫይረሱ በሕዋሱ ላይ እንዳይጣበቅ አያግዱትም፤ ቫይረሱ ተጣብቆ ይቀራል፤ ውሕደቱ ግን አይፈጸምም። ስለዚህ መጣበቅና መግባት ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው፤ የሚፈጽሟቸውም የተለያዩ ክፍሎች ናቸው ማለት ነው። ደጅ ላይ መድረስ ሌላ፣ በሩን መክፈት ሌላ መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የሄፓሪን እንቆቅልሽ ተፈታ። በ1989 ዉደንና ስፒር ባሳተሙት ጥናት መሠረት ቫይረሱ በመጀመሪያ የሚይዘው በሕዋሳት ገጽ ላይ እንደ ሣር የበቀለውን ሄፓራን ሰልፌት የተባለ የስኳር ሰንሰለት ነው። ይህ ሰንሰለት የሄፓሪን የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ናቸው። ሰንሰለቱ በኢንዛይም ሲላጭ ቫይረሱ የሚይዘው ያጣል። በፈሳሹ ውስጥ ሄፓሪን ሲጨመር ደግሞ የቫይረሱን መያዣዎች አስቀድሞ ስለሚሞላቸው ለሕዋሱ የሚተርፍ እጅ አይኖረውም። በ1991 የወጣ ሌላ ጥናት ይህን የመያዝ ሥራ በዋናነት የሚያከናውነው ጂ-ሲ መሆኑን፣ ጂ-ቢም ተካፋይ መሆኑን አመለከተ። በ1964 የታየው ነገር ትርጉሙን ያገኘው ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ነበር። በወቅቱ ማብራሪያ ያልተገኘለትን ውጤት በጽሑፍ አስፍሮ ማቆየት ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

እየነቀሉ መመርመር

በተሠራ ሕንፃ ውስጥ የትኛው ምሰሶ ሸክሙን እንደተሸከመ ለማወቅ ምሰሶዎቹን እየነቀሉ መሞከር የማይታሰብ ነው። በቫይረስ ላይ ግን ይህ ተቻለ። ችግሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ወሳኝ ክፍሉ የተነቀለበት ቫይረስ መራባት ስለማይችል የሚመረመር ቅንጣት አይገኝም። መላ ተገኘለት። ቫይረሱ ያጣውን ፕሮቲን በራሷ የምታመርት ልዩ ሕዋስ ተዘጋጀች፤ ቫይረሱ በእርሷ ውስጥ የጎደለውን በብድር እያገኘ ይራባል። ከዚያም ወደ ተራ ሕዋስ ሲዛወር የሚወለዱት ቅንጣቶች ያንን ክፍል ጨርሶ የሌላቸው ይሆናሉ።

በካናዳ በማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሊጋስና ዴቪድ ጆንሰን በ1988 ጂ-ዲ የሌለውን ቫይረስ በዚህ ዘዴ ሠሩ። ቫይረሱ በሕዋሱ ላይ ተጣበቀ፤ ሊገባ ግን አልቻለም። በዚያው ዓመት ካይ፣ ጉና ፐርሰን ጂ-ቢ የሌለውን ቫይረስ መርምረው ተመሳሳይ ውጤት አገኙ። በ1992 ጂ-ኤች የሌለው ቫይረስም እንደማይገባ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት ጂ-ኤል የተባለ አዲስ ፕሮቲን ተገኝቶ ከጂ-ኤች ጋር ተጣምሮ የሚሠራ ሆኖ ታየ። በአንጻሩ ጂ-ሲ ቢጎድል መጣበቅ ይቀንሳል እንጂ መግባት ፈጽሞ አይቀርም። ስለዚህ ለመግባት የግድ የሚያስፈልጉት አራት ሆኑ፤ ጂ-ቢ፣ ጂ-ዲ፣ ጂ-ኤችና ጂ-ኤል።

እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ በሚገባ የሚያውቁት ልዩነት ይመጣል። አንድ ነገር አስፈላጊ መሆኑና በቂ መሆኑ አንድ አይደለም። ነቅሎ መሞከር የሚያሳየው አስፈላጊነትን ብቻ ነው። በቂነትን ያሳዩት በ1998 ተርነር፣ ብሩን፣ ሚንሰንና ብራውን ናቸው። ቫይረስ የሚባል ነገር ሳይኖር የእነዚህን አራት ፕሮቲኖች ጂኖች ብቻ ወደ ሕዋሳት ሲያስገቡ፣ ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው እየተዋሐዱ ብዙ ኒውክለስ ያላቸው ግዙፍ ሕዋሳት ሆኑ። ከአራቱ አንዱ ሲጎድል ውሕደቱ አይከናወንም። መሣሪያው አራት ክፍሎች እንዳሉትና ሌላ የቫይረስ ክፍል እንደማያስፈልገው በዚህ ተደመደመ።

የሕዋሱ ወገን

ቁልፍ ካለ ቁልፉ የሚገባበት ሊኖር ግድ ነው። በ1988 እንደታየው ጂ-ዲን በራሱ የሚያመርት ሕዋስ ቫይረሱን አላስገባም አለ። ምክንያቱም በሕዋሱ ላይ ያሉት ተቀባዮች በጂ-ዲ ስለተያዙ፣ ለሚመጣው ቫይረስ ባዶ ስፍራ አልተረፈም። ተቀባዩ ቁጥሩ የተወሰነና ለጂ-ዲ የተለየ መሆኑን ይህ አመለከተ፤ ማንነቱ ግን ገና አልታወቀም።

በዚህ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ከቻይና ሃምስተር እንቁልጢ የተገኘ አንድ የሕዋስ ዘር ጠቀማቸው። ይህ ሕዋስ ቫይረሱን ያጣብቃል፤ አያስገባውም። እጅ መያዣው አለ፤ በሩ ግን የለም። በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የስፒር ባልደረቦች የሰው ጂኖችን በእነዚህ ሕዋሳት ውስጥ እያከፋፈሉ፣ የትኛው ጂን በሩን እንደሚያበጅ ፈለጉ። ቫይረሱም የገባበት ሕዋስ በቀለም እንዲለይ ሆኖ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚህ ዘዴ ሞንትጎመሪ፣ ዋርነር፣ ለምና ስፒር በ1996 የመጀመሪያውን ተቀባይ አገኙ፤ የሄርፒስ መግቢያ አማላጅ የሚል ስምም ሰጡት። በ1998 ሁለተኛውና የበለጠ የሚያሳስበው ተቀባይ ታወቀ፤ ዛሬ ኔክቲን-1 ይባላል። በነርቭና በሽፋን ሕዋሳት ላይ የሚገኝ በመሆኑ፣ ቫይረሱ ከከንፈር ተነሥቶ በነርቭ ውስጥ ለምን እንደሚሰፍር ያስረዳል። በ1999 ደግሞ በተለየ አኳኋን የተሠራ የሄፓራን ሰልፌት ዓይነትም ጂ-ዲን እንደሚቀበል ተገለጸ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጥልቅ ነው። ሕዋስ ለቫይረስ ብሎ የሠራው በር የለም። የመጀመሪያው ተቀባይ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት መልእክት የሚለዋወጡበት ነው። ኔክቲን-1 ደግሞ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዝ ቡሎን መሰል ፕሮቲን ነው። በ2000 በታተመ ጥናት የዚህ ጂን ጉድለት ያለባቸው ሰዎች ከንፈራቸውና ላንቃቸው ተሰንጥቆ እንደሚወለዱ፣ የቆዳቸው፣ የጸጉራቸውና የጥርሳቸው አፈጣጠርም እንደሚታወክ ተረጋግጧል። ስለዚህ በሩን ነቅሎ በመጣል ቫይረሱን ማስቀረት አይቻልም፤ ቤቱን የሚያቆመው እርሱ ነውና።

መቀርቀሪያና ሞላ

ከ2001 ወዲህ ያለው ዘመን የቅርጽ ዘመን ነው። ፕሮቲኖቹ በክሪስታል መልክ ረግተው በኤክስ ሬይ ሲመረመሩ፣ እስከዚያ በግምት የሚታወቀው አሠራር በዓይን የሚታይ ሆነ። በ2005 እንደታየው ጂ-ዲ የራሱን መያዣ በራሱ ጅራት ሸፍኖ ይቀመጣል። ተቀባዩን ሲያገኝ ጅራቱ ወደ ጎን ይገፋል፤ ይህም እንደ መቀርቀሪያ መነሣት ሆኖ ለሌሎቹ ክፍሎች ምልክት ይሰጣል። ቫይረሱ በሩ ላይ ሳይደርስ መሣሪያው በከንቱ እንዳይተኩስ የሚጠብቅ የደኅንነት ማገጃ ነው ማለት ይቻላል።

በ2006 ኤካተሪና ሄልድዋይን፣ ስቲቨን ሃሪሰንና ባልደረቦቻቸው የጂ-ቢን ቅርጽ ይፋ አደረጉ። ሦስት አንድ ዓይነት ክፍሎች ተጣምረው የሠሩት ረጅም ዘንግ ነው። የሚያስደንቀው፣ በዚያው ዓመት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች ያሳዩት የሌላ ቫይረስ ፕሮቲን ከእርሱ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ መገኘቱ ነው። ይህ ሌላው ቫይረስ የቀንድ ከብትን አፍ የሚያቆስል፣ ከእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ጋር የሚዛመድና ከሄርፒስ ጋር ምንም ዝምድና ያልነበረው ነው። በፊደላቸው ቅደም ተከተል ጨርሶ የማይመሳሰሉት ሁለቱ ፕሮቲኖች በቅርጻቸው ወንድማማች ሆኑ። ጂ-ቢ ውሕደቱን የሚፈጽመው ሞተር መሆኑ በዚህ ታወቀ። አስቀድሞ ተጨምቆ የተቀመጠ ሞላ ሲለቀቅ እንደሚዘረጋ፣ ጂ-ቢም ቅርጹን ለውጦ ጫፉን በሕዋሱ ሽፋን ላይ ይሰካል፤ ተመልሶ ሲታጠፍም ሁለቱን ሽፋኖች ያጋጥማል። የተለቀቀው ሞላ ቅርጽ በ2006 ሲታወቅ፣ የተጨመቀው ቅርጽ የታየው ግን በ2020 ነው።

ጂ-ኤችና ጂ-ኤልስ? በ2010 ቅርጻቸው ሲታወቅ እንደ ቦት ጫማ ያለ ሆኖ ተገኘ፤ የውሕደት ሞተር ምልክትም አልታየበትም። ስለዚህ ተግባራቸው ከጂ-ዲ የመጣውን ምልክት ተቀብሎ ወደ ጂ-ቢ ማሳለፍ ነው ተባለ። እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። ጂ-ሲ ይይዛል፤ ጂ-ዲ መቀርቀሪያውን ያነሣል፤ ጂ-ኤችና ጂ-ኤል ትእዛዙን ያስተላልፋሉ፤ ጂ-ቢ ሥራውን ይፈጽማል። ቅርፊቱም ወደ ውስጥ ገብቶ በሕዋሱ የማጓጓዣ ሐዲዶች ላይ ተሳፍሮ ወደ ኒውክለሱ ያመራል። በአንዳንድ ሕዋሳት ውስጥ ቫይረሱ በመጀመሪያ በከረጢት ተውጦ፣ በዚያ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ እንደሚዋሐድ በ2003 ታውቋል፤ መንገዱ ቢለያይም መሣሪያው ያው ነው።

ቁልፍ የሚለዋውጥ ዘመድ

የሄርፒስ ቤተሰብ አንዱ አባል ታሪኩ ከአህጉራችን ጋር የተያያዘ ነው። ዴኒስ በርኪት የተባለው የቀዶ ሕክምና ሐኪም በዑጋንዳ በካምፓላ ሲሠራ፣ በሕፃናት መንጋጋ ላይ የሚወጣ ዕጢ ተመልክቶ በ1958 አሳተመ። በ1961 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በመኪና 10,000 ማይል ያህል ተጉዞ በሽታው የሚገኝባቸውን አካባቢዎች መዘገበ። ከዕጢው የተወሰደ ናሙና ከዑጋንዳ ወደ ለንደን በአውሮፕላን ይላክ ነበር። በ1964 ኤፕስታይን፣ አቾንግና ባር በዚህ ናሙና ውስጥ አዲስ የሄርፒስ ቫይረስ ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ ይባላል።

ይህ ቫይረስ ሁለት ዓይነት ሕዋስ ይወርራል፤ የጉሮሮን የሽፋን ሕዋስና ቢ የተባለውን የደም ነጭ ሕዋስ። ለቢ ሕዋስ ጂ-ፒ 42 የተባለ ተጨማሪ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ለሽፋን ሕዋስ ግን ያው ፕሮቲን እንቅፋት ይሆንበታል። በ2002 ቦርዛና ሀት-ፍሌቸር መፍትሔውን አሳዩ። ቫይረሱ በቢ ሕዋስ ውስጥ ሲሠራ፣ ሕዋሱ ያለው ተቀባይ ጂ-ፒ 42ን ይዞ ስለሚያስቀርበት፣ የሚወጣው ቫይረስ ይህ ፕሮቲን ያነሰውና የሽፋን ሕዋስን ለመውረር የተመቸ ይሆናል። በሽፋን ሕዋስ ውስጥ የተሠራው ደግሞ ጂ-ፒ 42 ስለሚበዛበት ወደ ቢ ሕዋስ ያዘነብላል። ከአንዱ ቤት ሲወጣ የሌላውን ቤት ቁልፍ ይዞ ይወጣል ማለት ነው። ከገጽ ፕሮቲኖች መጠን ላይ በሚደረግ ጥቂት ለውጥ ብቻ የበሽታው አቅጣጫ ይለወጣል።

ይህን የተገነዘቡ ተመራማሪዎች ቁልፉን ራሳቸው ለመቅረጽ ተነሡ። በኢጣልያ በቦሎኛ የካምፓዴሊ-ፊዩሜ ባልደረቦች በ2000ዎቹ ዓመታት ጂ-ዲን ለውጠው፣ ቫይረሱ የተለመዱትን ተቀባዮች ትቶ በአንዳንድ የጡት ካንሰር ሕዋሳት ላይ የሚበዛውን ኸር-2 የተባለውን ፕሮቲን እንደ በር እንዲጠቀም አደረጉ። ወራሪውን ወደ ሌላ ጠላት ማዞር የሚቻል መሆኑን ይህ ያመለክታል።

ቁልፉን ማወቅ ለምን አልበቃም?

እንግዲህ መሣሪያው በዚህ መጠን ከታወቀ፣ ክትባቱ የት አለ? ይህ ጥያቄ የንድፈ ሐሳብ ጥያቄ አይደለም። ሄርፒስ የዓይን ብሌንን አጠልሽቶ ያሳውራል፤ አንጎልን ያቃጥላል፤ በወሊድ ጊዜ ከእናት የተላለፈበትን ሕፃን ለሞት ያደርሳል፤ የብልት ሄርፒስ ያለበት ሰውም በኤች አይ ቪ የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። አሲክሎቪር የተባለው መድኃኒት ብዙዎችን ታድጓል፤ ገርትሩድ ኤሊየንም በ1988 የኖቤል ሽልማት የተካፈለችው ይህን በመሳሰሉት መድኃኒቶች ሥራዋ ነው። ይሁን እንጂ አሲክሎቪር የሚሠራው ቫይረሱ ከገባ በኋላ ዲ ኤን ኤውን እንዳያባዛ በመከልከል ነው፤ በሩን አይዘጋም፤ በነርቭ ውስጥ የተኛውንም አያስወጣም።

ጂ-ዲ ቁልፉ መሆኑ ከታወቀ፣ ሰውነት ጂ-ዲን እንዲያውቅና እንዲይዝ ማሠልጠን ተገቢ ሐሳብ ነበር። ጂ-ቢንና ጂ-ዲን የያዘ አንድ ክትባት ተሞክሮ በ1999 እንዳልሠራ ተነገረ። በ2002 ጂ-ዲን ብቻ የያዘ ሌላ ክትባት አስቀድሞ በሁለቱም የሄርፒስ ዓይነቶች ባልተያዙ ሴቶች ላይ ተስፋ አሳየ። ተስፋውን ለማረጋገጥ 8,323 ሴቶች የተሳተፉበት ሰፊ ሙከራ ተደረገ፤ ውጤቱም በ2012 ታተመ። በአንደኛው ዓይነት ሄርፒስ ምክንያት ከሚመጣ የብልት በሽታ 58 በመቶ ያህል ቢከላከልም፣ ዋና ዒላማው የነበረውን ሁለተኛውን ዓይነት አልገታውም።

አሁን ወደ 1930ው እንቆቅልሽ እንመለስ። ፀረ እንግዳ አካል እያለ ቁስሉ የሚመላለሰው ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት፣ ቫይረሱ አንዴ ከገባ በኋላ ከሕዋስ ወደ አጠገቡ ሕዋስ በቀጥታ ስለሚያልፍ በደም ውስጥ ለሚዘዋወረው ጠባቂ ብዙ አይጋለጥም። ሁለተኛው ምክንያት፣ ከእሾሆቹ መካከል ሥራቸው መግቢያ መክፈት ብቻ ያልሆነ መኖራቸው ነው። በ1984 እንደታወቀው ጂ-ሲ የሰውነትን መከላከያ አንድ ዋነኛ ፕሮቲን ይዞ ያሰናክላል፤ ጂ-ኢ ደግሞ ከጂ-አይ ጋር ተጣምሮ ፀረ እንግዳ አካሉን በጭራው በኩል ይይዘዋል። ስለዚህ ቫይረሱ ቁልፍ ብቻ ሳይሆን ጋሻም ታጥቋል። ክትባቱ ያነጣጠረው በቁልፉ ላይ ብቻ ነበር። ሃርቪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ለዓመታት የሟገቱለት ሐሳብ ከዚህ የመነጨ ነው፤ ጂ-ሲን፣ ጂ-ዲንና ጂ-ኢን በአንድነት የሚያጠቃ፣ ቁልፉንም ጋሻውንም የሚያስጥል ክትባት። በዚህ መሠረት የተዘጋጀ ክትባት በሰው ላይ መሞከር የተጀመረው በ2022 መጨረሻ ነው።

የገጽ ፕሮቲን ክትባት ፈጽሞ አይሠራም ለማለት ግን አይቻልም። ለአልማዝ ባለ ጭራ መከላከያ የተሠራው ክትባት የተመሠረተው የዚያው ቫይረስ ጂ-ኢ በሆነው አንድ ፕሮቲን ላይ ነው። በ2015 በታተመው ሙከራ ዕድሜያቸው 50ና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል 97.2 በመቶ የመከላከል ኃይል አሳየ፤ በ2017ም በአሜሪካ ተፈቀደ። ልዩነቱ ዒላማው ላይ ነው። ይህ ክትባት አዲስ ወራሪን በር ላይ ለማስቆም ሳይሆን፣ ከልጅነት ጉድፍ ጀምሮ በነርቭ ውስጥ የተኛው ቫይረስ ሲነሣ የሚቀጣውን የሰውነት ሠራዊት ለማነቃቃት የተሠራ ነው። ደጁን መጠበቅና ቤቱን መጠበቅ የየራሳቸው ዘዴ አላቸው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ ብዬ አምናለሁ። አንደኛው፣ ጥያቄን መለያየት ነው። «ቫይረሱ እንዴት ይገባል?» የሚለው አንድ ጥያቄ ሆኖ ሳለ መልስ አልተገኘለትም፤ መያዝ፣ መክፈት፣ ማስተላለፍና ማዋሐድ ተብሎ ሲከፈል ግን እያንዳንዱ ለሙከራ የሚመች ሆነ። ሁለተኛው፣ አስፈላጊ የሆነውንና በቂ የሆነውን መለየት ነው። ጂ-ዲ ለመግባት አስፈላጊ መሆኑ ተረጋግጦ ነበር፤ እርሱን ማገድ ሰውን ለመጠበቅ በቂ መሆኑ ግን አልተረጋገጠም ነበር። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በ2012 የብዙ ዓመት ድካምና ተስፋ ዋጋ አስከፈለ። ሦስተኛው፣ አንድን ክፍል ከነሙሉ ሥርዓቱ መመልከት ነው። ቁልፉን የሚያውቅ ሰው በሩን ያውቃል፤ ቤቱን አውቋል ግን አይባልም።

ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀበት ጊዜ ድረስ ምችን ለሚያመጣው ቫይረስና ለሁለተኛው ዘመዱ የጸደቀ ክትባት የለም። ቢሆንም ከ1964ቱ የሄፓሪን ሙከራ እስከ 2020ው የጂ-ቢ ቅርጽ ያለውን ጎዳና የተመለከተ ሰው ተስፋ ለመቁረጥ ምክንያት አያገኝም። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ በዚህ መንገድ ላይ የተገኘው እውቀት ሁሉ የተገኘው በአንድ ጊዜ አንድ ክፍል በመንቀል፣ አንድ ጥያቄ በመጠየቅና የተገኘውን ውጤት ለተከታዩ ትውልድ በጽሑፍ በማስተላለፍ ነው።